የጥጥ በረዶ በጨፋ

ታኅሣሥ ላይ ከሚሴ ውስጥ በረዶ ጥሏል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙ። ሜትሮሎጂ አልተነበየውም፤ ሬዲዮም አላወራውም። እንዴት ያውራው? ከሰማይ አልወረደማ! የመጣው ከመድኃኒት ቤት ነው። ጥጥ ነው። በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። አጠገቡ ከፎም የተጠረበ ድብልብል ሰውዬ ቆሟል፤ አፍንጫው ላይ ካሮት ተሰክቶለታል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሞለታል። ከበላዩ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ‹‹ዊንተር›› ተብሎ ተጽፏል። ከውጭ የጨፋ ፀሐይ የክፍሉን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ እያጋለችው ነው።

ነገሩን የነገረችኝ ከሚሴ የምትኖር የእህቴ ልጅ ናት። ልጇ አራት ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ኬጂ አንድ ገብታለች። ከትምህርት ቤቱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተላከች። የፊታችን ሐሙስ ‹‹የዊንተር ቀን›› ስለሚከበር ልጅዎ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሻርፕና አንድ ጥቅል ጥጥ ይዛ ትምጣ ትላለች። እናት ሥራዋን ትታ ገበያ ወጣች። ኮፍያው ተገኘ። ሻርፑን ከጎረቤት ተዋሰች። የልጅ ጓንት ግን ከየት ይምጣ? ከሱቅ ሱቅ ስትዞር አንዱ ባለሱቅ ግራ ገብቶት ‹‹እህቴ፣ ለሞተር ነው?›› አላት። በመጨረሻ መላ መታች። ‹‹አጎቴ፣ እጇ ላይ ካልሲ አጥልቄ ላክኋት›› አለችኝ እየሳቀች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷን አግኝቻት ‹‹ዊንተር ምንድን ነው?›› ብዬ ጠየቅኋት። በእንግሊዝኛ እንደ ውኃ አንቆረቆረችው፤ ብርድ ነው፣ በረዶ ይወርዳል፣ ካፖርት እንለብሳለን፣ የበረዶ ሰው እንሠራለን። አንዲት ቃል አልዘለለችም። ‹‹ጎበዝ! ታዲያ ዊንተር የት ነው ያለው?›› አልኳት። ምንም ሳታመነታ ‹‹ትምህርት ቤት›› አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዊንተር ያለው ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ የለም፤ ቤቷ ስትደርስ የለም፤ አያቷ ጋ የለም። እናንተዬ፣ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውኩት ነበር። ግን ያው ድብልብል ሰውዬ አዲስ አበባም አለ፤ ደሴም አለ። የመጣው ከልምምድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ወይ ከውጭ ገብቷል፣ ወይ የውጭውን አስመስለው እዚሁ አባዝተውታል። ‹‹አራቱ ወቅቶች›› የሚል ገጽ አለው። በዚያ ገጽ ላይ ዛፉ መጀመሪያ ያብባል፣ ቀጥሎ ይለመልማል፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ከዚያ በረዶ ይለብሳል። ልጅቱ ‹‹ይህ የሌላ አገር ዓመት ነው›› አልተባለችም። ‹‹ዓመት ማለት ይህ ነው›› ነው የተባለችው። የኔም ጠብ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ስለ በረዶ መስማቱ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የራሱን ዓመት መነጠቁ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር፤ የቆየሁበት ሙያ ስለሆነ ታገሡኝ። ‹‹ዊንተር›› በአማርኛ ምንድን ነው? መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ ‹‹ክረምት›› ይላችኋል። ክረምት ግን በባሕረ ሐሳቡ ቁጥር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ነው። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ የሞላ ወንዝ ነው። ፈረንጅ ዊንተር የሚለው ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ነው። እሱ ደግሞ ለእኛ በጋ ነው። የጨፋ ልጅ በአብዛኛው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛውም የራሱ አራት ወቅቶች አሉት፤ ቢራ (መጠጡ አይደለም)፣ ቦና፣ አርፋሳና ገና። ዝናባሙ ወቅት ‹‹ገና›› ይባላል፤ ከበዓሉ ጋር ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደለም። ታኅሣሥ የቦና ነው። እንግዲህ መምህሯ ‹‹ዊንተር››ን በአማርኛ ‹‹ክረምት››፣ በኦሮምኛ ‹‹ገና›› ብላ ብታስረዳ፣ ልጅቱ በታኅሣሥ ፀሐይ እየተቃጠለች ክረምት ውስጥ ነኝ ልትል ነው። ሦስት ቋንቋ ተባብሮ አንዲት ሕፃን ላይ ዘመተ ማለት ይህ ነው።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነገር ነበር። የእንግሊዝኛ ግጥም እንሰጣለን፤ በግጥሙ ውስጥ ዊንተር የሞት፣ የመካንነት፣ የብቸኝነት ምልክት ነው። ተማሪው በልቡ ‹‹ክረምት›› ብሎ ይተረጉምና፣ ገጣሚው ዘር ዘርቶ አዝመራ እየጠበቀ ነው፣ ተስፋ አለው ብሎ ይጽፍልኛል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ የገበሬ ልጅ ነው። ክረምት ቢከብድም እርሻው የሚሠራበት ወቅት መሆኑን በእግሩ ረግጦ ያውቃል። በጋንም ያውቃል፤ የአጨዳው፣ የሠርጉ፣ የመንገዱ ጊዜ ነው። ያ ተማሪ ግጥሙን ቢስትም ዓመቱን አልሳተም ነበር፤ ልዩነቱን በአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ አስረድቼው ይገባው ነበር። ዛሬ ኬጂ ያለችው ሕፃን ሃያ ዓመት ሲሞላት ግጥሙንም ዓመቱንም ብትስት ከምን ተነሥተን እናስረዳት?

ደግሞ በረዶ በረዶ እንላለን እንጂ በረዶው ራሱ አንድ አይደለም። አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ላባ የሚንሳፈፈውንም ‹‹በረዶ›› ይለዋል። ውርጭ ሌላ ነው፤ አመዳይ የሚባልም አለ። የአማርኛው መዝሙረ ዳዊት አመዳይን ከባዘቶ ጋር ያመሳስለዋል። (ለግድግዳው ጥጥ ከመጽሐፍ ድጋፍ የፈለገ ባለቤት ካለ ይችን ይጠቀምባት፤ ፈቅጄለታለሁ።) የእኛው በረዶ፣ ኦሮምኛው ‹‹ጨቢ›› የሚለው፣ የሚወርደው በዝናብ ወራት ነው፤ በበልግና በክረምት። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሞቃትና እርጥብ አየር ከምድር ሽቅብ ይወጣል፤ ደመናው እንደ ተራራ ይቆለላል፤ የውኃው ጠብታ ከቅዝቃዜው ከፍታ ሲደርስ ይረጋል፤ ነፋሱ መልሶ መላልሶ ወደ ላይ እያጎነ ሌላ የበረዶ ልባስ ያለብሰዋል፤ ሲከብድ ቁልቁል ይለቀዋል። ታኅሣሥ ላይ ያ ደመና የለም። ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ነው፤ ለዚያውም ለደጋው። ሌሊቱ ጥርት ሲል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚከድንላት ደመና ስለሌለ ወደ ላይ ትለቀዋለች። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ የባቄላውም ማሳ ጠቁሮ ያድራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል የወረደ ሰው በአንድ ቀን ውርጩንም ሙቀቱንም ያየዋል። ይህ ሁሉ ተአምር በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ተዘርግቶ ሳለ እኛ ከመድኃኒት ቤት ጥጥ እንገዛለን።

የገበሬውንም ስሜት አስቡ። በረዶ ለገበሬ ጨዋታ አይደለም። የሰው ቁመት አልፎ የቆመ ማሽላ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግፋል፤ ጤፍ ከመሬት ይነጠፋል። በረዶ የሚመልስ ደብተራ አለ እየተባለ በደጋው ሲወራ የኖረው፣ በወሎ መንደር ዱዓ የሚደረገው፣ ለቀልድ አይደለም። የልጅ ነገር ሆኖ ግን እዚያው ቤት ልጆቹ በረዶው አባርቶ ሳያበቃ ሮጠው ይወጣሉ፤ በእፍኛቸው ይለቅሙታል፣ ይውጡታል፣ እናት ‹‹ጉሮሮሽን!›› እያለች ከበር ላይ ትጮኻለች። ‹‹ከልጆች ጋር የሚደረግ የበረዶ ጨዋታ›› የሚል ርዕስ የፈለገ መጽሐፍ ከዚህ መጀመር ይችል ነበር። ከሚሴን በመሰለ ሙቅ ከተማ ደግሞ ልጅ በረዶን የሚያውቀው ከብርድ ጋር አይደለም፤ ከሙቀት ጋር ነው። በላስቲክ የረጋ ጭማቂ ነው፣ በብርጭቆ ውስጥ የምትንሳፈፍ ክምችምች ያለች ነገር ናት። ከካፖርት ጋር ምን አገናኛት?

በሌላ በኩል ‹‹በረዶ የፈረንጅ ነው፤ ምን አገባን?›› የሚለኝም ቢኖር አልስማማም። አዱሊስ ላይ ቆሞ የነበረውን የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ አስታውሱ። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በስድስተኛው መቶ ዘመን ባይገለብጠው ኖሮ ጠፍቶብን ነበር። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር፣ ከወንዙ ማዶ ስላሉት የሰሜን ተራሮች ይናገራል፤ ብርዱን፣ ውርጩን፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበትን በረዶ ይጠቅሳል። የእኛ ሰሜን ነው፤ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር የሚቆምበት። ቀረብ ያለውንም ከፈለጋችሁ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. የካቲት ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ የኢትዮጵያን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠርቷል። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው፤ ሸርተቴውን የተማረው ግን በረዶ ባለበት፣ አሜሪካ ሄዶ ነው። ከግድግዳ ጥጥ አልተማረም። ለከሚሴ ልጅ ስለ በረዶ ማውጋት ከተፈለገ እንዲህ ያለ ወግ ሞልቷል። የንጉሡ ወታደር በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሲሰጥም ብላችሁ ተርኩላት እስቲ፤ አፏን ከፍታ ትሰማችኋለች።

ምናብን ልገድል የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። በምናብ እንጀራ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ‹‹የመቶ ዓመት ብቸኝነት›› የሚጀምረው አንድ አባት ልጁን በረዶ ሊያሳይ ይዞት ስለሄደበት ከሰዓት በኋላ በማስታወስ ነው። እዚያ ሞቃት አገር በረዶ ተአምር ሆኖ መጣ፤ ሰው ከፍሎ ነካው። ያ ልክ ነው! የሩቅ ነገር እንደ ሩቅ ነገር ሲመጣ ልጅን ያስደንቃል፤ እንደ ቤቱ ነገር ሲመጣ ግን ቤቱን ያስረሳዋል። የባርቤዶሱ ገጣሚ ካማው ብራትዌት ይህንን ቀድሞ አይቶት ነበር። በእንግሊዝ መጽሐፍ የተማረ የካሪቢያን ልጅ ድርሰት ጻፍ ሲባል፣ በሸንኮራ አገዳው ማሳ ላይ በረዶ ሲወርድ እንደሚጽፍ ነገረን። ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ አዲቺም በ2009 እ.ኤ.አ. ባደረገችው በሰፊው በተሰማ ንግግር፣ ሰባት ዓመቷ ላይ የጻፈቻቸው ታሪኮች ሰማያዊ ዓይን ባላቸውና በበረዶ በሚጫወቱ ልጆች የተሞሉ እንደነበሩ ተናግራለች፤ ከናይጄሪያ ወጥታ ሳታውቅ። ሁለቱም በእንግሊዝ የተገዛ አገር ልጆች ናቸው፤ መጽሐፉን የጫነባቸው ሌላ ነው። እኛስ? ማንም ሳያስገድደን፣ በገዛ ገንዘባችን፣ ደረሰኝ ተቀብለን!

እስቲ አሁን በዚያው ታኅሣሥ ከግድግዳው ማዶ ምን እንዳለ እንይ።

ጨፋ ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ ዘና የሚልበት ሸለቆ ነው። ወንዙ ወደ አዋሽ ከመድረሱ በፊት እዚህ ይንጣለላል፤ መሬቱ ረግረግ ይሆናል፤ ቄጠማና ደንገል ያበቅላል። ስሙም ይኸው ነው፤ በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውኃ ያቆረ ለምለም መስክ ነው። ጥንት ጉባኤ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ስለነበር ነው የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ‹‹ጨፌ›› የተባለው። በበጋ ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሲሆን ጨፋ አረንጓዴ ይቆያል። ያኔ አፋሩ ከምሥራቅ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው ይወርዳል፤ አርጎባውም ይመጣል። መስኩ በከብት ይሞላል። ማን የት እንደሚያሰማራ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ በሽማግሌ ይነገራል፤ አንዳንዴም ይጣሉበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፈረንጁ ‹‹ዊንተር›› ላይ ሁሉም ነገር ይሞታል፣ ሰው ቤቱን ይዘጋል ይላል። ጨፋ ላይ በዚያው ወር ሁሉም ነገር ወደ ሸለቆው ይጎርፋል። ዓመቱ ውስጥ ለልጅ ዓይን የሚበቃ ትልቁ ትርኢት ይህ ነው፤ ትኬት የለው፣ መጋረጃ የለው።

ማሽላውም ያኔ ነው የሚቆረጠው። ጥንቅሽ የሚመጠጠው ያኔ ነው። ወፍ ጥበቃው ስላበቃ ማማው ባዶ ሆኖ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። አገዳው ሲደርቅ ልጆች ልጣጩን እየላጡ፣ በውስጡ ያለውን ለስላሳ ነገር እየቆረጡ መኪና ይሠራሉ፣ መነጽር ይሠራሉ፣ ቤት ይሠራሉ። የረግረጉ ዳር ጭቃ ደግሞ ጥቁርና እንደ ሊጥ የሚታዘዝ ነው፤ ከእሱ ላም ይሠራል። የጨፋ ልጅ የጭቃ ላም ሲሠራ ዓይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀንዷን በሁለት ጣት ያሾላል። ሻኛዋን ጎላ ያደርገዋል፤ ሻኛ የሌላት ላም ላም አይደለችማ። የእርጉዟን ሆድ ያሳብጣል። የአፋሩን ከብት ከኦሮሞው ከብት በቀንዱ ይለይላችኋል። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሦስት ድብልቡል ነገር አንዱን ባንዱ ላይ ቆልሎ ‹‹ሰው ነው›› እንዲል ይደረጋል፤ ትክክል ብሎ ኮከብ ይሳልለታል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ በረዶውን የሚሸሹ ወፎች በመስከረምና በጥቅምት ወደ አገራችን ረግረጎች ይመጣሉ፤ እስከ መጋቢት ገደማ ይቆያሉ። ከእነሱ መካከል ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ አለች። ከብት የሚግጥበት እርጥብ መስክ ትወዳለች፤ ከከብቱ እግር ሥር የሚነሣውን ነፍሳት እየለቀመች ትውላለች። በረዶውን በዓይኗ ያየች፣ ሸሽታው የመጣች፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የበረረች ምስክር ማለት እሷ ናት። እኛ ልጆቹን በር ዘግተን ‹‹ዊንተር›› እናስተምራለን፤ እሷ ዊንተርን አምልጣ ከላም እግር ሥር ትሯሯጣለች። መምህሯ ልጆቹን አውጥታ ‹‹ይችን ወፍ አያችኋት? አገሯ ውኃው ድንጋይ ሆኖ፣ ምግቧ ጠፍቶ ነው ወደኛ የመጣችው›› ብትላቸው ኖሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በረዶም፣ በጋም፣ እንግዳ መቀበልም ተምረው ይገቡ ነበር።

ረግረጉም እንደ ድሮው አይደለም። ዳር ዳሩ እየታረሰ፣ ውኃው እየተጠለፈ ጠቧል። ከኮምቦልቻ የሚወርደው የፋብሪካ ፍሳሽና የከተማ ጥራጊም መውረጃው ቦርከና ነው። ነገ ስለዚህ መስክ ቢሮ ተቀምጠው የሚፈርሙት ዛሬ ኬጂ ያሉት ናቸው። ካርታ ላይ ‹‹ጥቅም ላይ ያልዋለ ረግረግ›› ተብሎ ሲቀርብላቸው ምን ይበሉ? አንድ ቀን እንኳ ጭቃውን በእጃቸው ነክተው ካላወቁ?

ትምህርት ቤት ያላቸው ሰዎች መልስ አላቸው፤ ሰምቼዋለሁ። ‹‹ዓለም አንድ መንደር ሆናለች›› ይላሉ። ይሁን። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ የኦሮሞ ቤተሰብ አለ፤ ልጆቻቸው በጥር በረዶ ይቆልላሉ፣ ይንሸራተታሉ፤ ደስ ይበላቸው፣ በረዶው ደጃቸው ላይ ነው። እዚያ ያለ መምህር ግን ጥር ላይ ልጆቹን ካፖርት አስወልቆ ‹‹ዛሬ የበጋ ቀን ነው፣ ግመል ወደ ጨፋ እንንዳ›› ሲል አልሰማሁም። መንደሩ አንድ ከሆነ ምነው መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሆነ?

የከሚሴ ልጅስ ዓለም አቀፍ ነገር መቼ አነሰው? ከዚህ አካባቢ ስንቱ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ዓረቢያ ገብቷል! በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ ቦሌ ከወረዱት መካከል የወሎ ልጅ ስንት ነበር! አጎት ጂዳ ነው፣ አክስት ሪያድ ናት፤ ሕፃኗ በስልክ የምታወራው ከእነሱ ጋር ነው። መልካም ነገር ሁሉ ሌላ አገር ነው የሚለውን ትምህርት ከቤት፣ ከመንገድ፣ ከስልኩ ትማረዋለች። አራት ዓመቷ ላይ ወቅቱ እንኳ ሌላ አገር ነው ብሎ መጨመር ምን ይባላል?

‹‹እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው›› የሚለውም አለ። እንግሊዝኛ ላም የሚል ቃል አጥሮት ነው? ሣር፣ ወፍ፣ ጭቃ፣ ወንዝ፣ ግመል፣ ሁሉም እንግሊዝኛ አላቸው፤ ሕፃኗ ቃሉን ከሰማች በኋላ በመስኮት ነገሩን ልታየው ትችላለች። ደግሞስ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ካለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚሁ ዞን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኦሮምኛ ያስተምራሉ። ክፍያ ያለበት ኬጂ ሲደረስ ነው ቋንቋውም አየሩም የሚቀየረው።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጥጡ ማስታወቂያ ነው። የመንግሥቱ ‹‹ኦ ክፍል›› ጥጥ የለውም፤ አፈር ነው ያለው። ጥጥ የለጠፈው ‹‹ልጅዎን ከአፈር አወጣልዎታለሁ›› እያለ ነው። እኛም ወላጆችና አጎቶች ይህንን እንገዛለን። ልጃችን በእንግሊዝኛ ‹‹ስኖው›› ስትል እንግዳ ፊት እናስደግማታለን፤ በኦሮምኛ የከብት መልክ ስትጠራ ግን ማንም አያጨበጭብላትም። መምህሯን አልወቅስም። በትንሽ ደመወዝ መጽሐፉ ተሰጥቷት፣ ገጹን ጨርሺ ተብላ፣ ጥጡንም ምናልባት ከራሷ ኪስ ጨምራ የለጠፈች ልጅ ናት። በልጆቹ ቦርሳ ላይ ያለችው የ‹‹ፍሮዝን›› ፊልም ኤልሳም ጠላቴ አይደለችም፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን ልጅ ሁሉ በበረዶዋ ማርካለች፤ ተረት ናት፣ ተረትነቷንም አትደብቅም። ተጠያቂዎቹ መጽሐፉን መርጦ የሚያስገባው ባለቤትና ፈቃድ የሚያድሰው ጽሕፈት ቤት ናቸው። ሊቆጣጠር የሚመጣው ባለሙያ መጸዳጃ ቤቱን ይቆጥራል፣ አጥሩን ይለካል፤ ‹‹አራቱ ወቅቶች›› የሚለውን ገጽ ግልጦ ‹‹ይህ የማን ዓመት ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ከሥልጣኑ ውጪ አይሆንበትም።

‹‹ታዲያ ልጆቹን እረኛ ልታደርጋቸው ነው?›› የሚለኝ አይጠፋም። እረኝነት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለማንም ሕፃን አልመኝም። የምጠይቀው በታኅሣሥ አንድ ጠዋት እስከ ረግረጉ ዳር በእግር ወይም በባጃጅ ወስደው ጭቃ እንዲያስነኳቸው ነው። በጥር የአገዳ መኪና ይሥሩ። የመንገዱ ሰላም ሲፈቅድ ተለቅ ያሉት ጣርማ በር ድረስ ወጥተው ውርጭ የመታው ሣር ይርገጡ፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማቀዝቀዣ አንዲት የበረዶ ክምችት ወጥታ ሳህን ላይ ትቀመጥና ስትቀልጥ አብረው ይዩአት፤ ወጪዋ ከጥጡ ያንሳል።

የእውነተኛው በረዶ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በበልጉ፣ ድንገት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ያኔ መስኮት ይዘጋል፤ መምህሯ ከጩኸቱ በላይ ጮኻ ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ምናልባትም ግድግዳው ላይ ያለውን ጥጥ እየጠቆመች። ይልቅ መጽሐፉን ትክደነውና ዝም ብለው ያዳምጡት። ሲያባራ በሩን ትክፈት። አንዷን ትልቅ እንክብል አንሥታ በቢላ ለሁለት ትሰንጥቃት፤ ውስጧ እንደ ሽንኩርት በልባስ ላይ ልባስ የተደራረበ ነው፤ እያንዳንዱ ልባስ ደመናው ውስጥ ያሳለፈችውን መንገድ ያሳያል። ልጆቹ ይቁጠሩት። በኦሮምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቁጠሩት፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይበሉ፣ በከሚሴ ሙቀት ሦስተኛው ቋንቋ ላይ ሳይደርሱ ትቀልጣለች።